የጋሽ ደምሴ ምድጃ

የድሬዳዋን ሰው ምን ያስፈራዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ሙቀት አልላችሁም። ሙቀትማ ቤተሰባችን ነው፤ ሲመጣ «ደግሞ መጣህ?» እንለዋለን እንጂ አንሸሸውም። ጎርፍም አልላችሁም። ደቻቱ ሞልቶ ሲወርድ ድልድዩ ላይ ተደርድረን «ዛሬ ደግሞ የማንን ፍየል ይዞ ይሆን?» የምንል ሰዎች ነን። እኛን የሚያስፈራን ብርድ ነው። ለዚያውም በወሬ የምናውቀው ብርድ። ሰው የሚፈራው የሚያውቀውን ነው የሚል ካለ፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ድሬ ይውረድና ይይ። ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ያገኛል። አንደኛው ሹራብ ላይ ኮት ደርቦ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሟል፤ እሱ የአገሩ ልጅ ነው። ሁለተኛው ሸሚዙን ከፍቶ በጋዜጣ ያራግባል፤ እሱ ትናንት ከአዲስ አበባ በባቡር የወረደ እንግዳ ነው። እርስ በርስ እየተያዩ ሁለቱም በልባቸው «ይሄ ሰውዬ አሞታል» ይላሉ።

የአልጋችንንም ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። በሙቀቱ ወራት የድሬ አልጋ ቤት ውስጥ አያድርም። ሲመሽ ግቢ ይወጣል፣ ሲነጋ ይገባል። በልጅነቴ ተኝቼ ካየሁት ጣሪያ ይልቅ ያየሁት ኮከብ ይበዛል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ እንኳ ጎረቤት የሚያውቀው በድምፃቸው አይደለም፤ ጠዋት ሁለቱ አልጋዎች ግቢ ውስጥ ተራርቀው ሲታዩ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለነውን ሰዎች ነው አንድ ታኅሣሥ «ደጋ ውጡ» ያሉን።

ዘመኑ የዘመቻ ነበር። በመሃይምነት ላይ ዘምተናል፣ ለቡና ለቀማ ዘምተናል፣ ለችግኝ ዘምተናል። ያልዘመትንበት እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም በስብሰባ ብዛት ድል አድርገነዋል። በዚያ ዓመት ደግሞ ከቀበሌያችን ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ተመርጦ፣ ከቁልቢ ወዲያ ያለ ጋራ ላይ ለአሥር ቀን እርከን እንዲሠራ ተወሰነ። ማደሪያው ድንኳን፣ ስንቅና ልብስ ከየራስ። እኔ ላጤ ስለነበርኩ ከቤቴ የሚዘምተውን ለመምረጥ ብዙ አልተወያየሁም።

ሥራዬ የአንደኛ ደረጃ የእጅ ሥራ አስተማሪነት ነበር። የእጅ ሥራ አስተማሪ ማለት የወደቀ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ማለት ነው። ቤቴ በሽቦ፣ በእንጨት ቁራጭና «አንድ ቀን ይጠቅማል» በተባለ ነገር ሁሉ የተሞላ ነበር። ያ አንድ ቀን ግን ሲመጣ አይቼው አላውቅም ነበር፣ እስከዚያ ዘመቻ ድረስ።

ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ ይባላል። (በድሬ ወግ «እሱ» እያልኩ ነው የማወራላችሁ፤ «አንቱታ» የለመደ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ እኛ ጋ ለታቦት ካልሆነ «አንቱ» አንልም።) ጋሽ ደምሴ የመንዝ ሰው ነው። በጉርምስናው ወደ ድሬ ወረደና በጭስ የሚሄደው ባቡር ላይ እሳት አንዳጅ ሆነ። አካፋ ይዞ፣ እሳት ፊት ቆሞ፣ በረሃውን ሲመላለስ ወጣትነቱን ጨረሰ። የናፍጣው ባቡር ሲመጣ እሱ ወደ መጋዘን ተዛወረ፤ ሳሉም አብሮት ተዛወረ። ጡረታ ሲወጣም ሳሉ አብሮት ወጣ። በጠቅላላው ከሚስቱ ከእትዬ አስካለ ቀጥሎ አብሮት ረዥም ጊዜ የኖረው ሳሉ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ቤት ማን ይዘምታል? አንድ ልጃቸው ብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። እትዬ አስካለ ጉልበቷን ያማታል። ጋሽ ደምሴ ስድሳውን አልፏል፣ ደረቱም እንደነገርኳችሁ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ፣ ይሉኝታ የማያውቀው ሰው፣ «የጋሽ ደምሴ ቤት ይታለፍ» አለ። ይሄኔ ጋሽ ደምሴ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ።

«አባባ፣ እዚያ እኮ ብርድ ነው» አለው ሊቀመንበሩ።

«ሰምቻለሁ» አለና ተቀመጠ። ተጨበጨበለት። ለምን እጁን እንዳወጣ ማንም አልጠየቀውም፤ በዚያ ዘመን እጁን ያላወጣ ነበር የሚጠየቀው።

በማግሥቱ እትዬ አስካለ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ ቤቴ መጣች። በአንድ እጇ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ የተዘፈዘፈበት የማር ጠርሙስ፣ በሌላው ሁለት ብርድ ልብስ ይዛለች።

«ቲቸር፣ አንተም ትሄዳለህ አሉ።»

«እሄዳለሁ እትዬ።»

«እንግዲያ ሰውዬዬን ላንተ ሰጥቼሃለሁ። ሐኪሙ ደረቱን ብርድ እንዳይነካው ብሏል። ንገሪው ብትለኝ ነግሬዋለሁ፣ አይሰማኝም። ልጄ የት እንዳለ እንኳ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ እሱም ከሄደ ማን አለኝ?» አለችና አለቀሰች። «አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር! አንድ ሌሊት ቢበርደው እግዜር ይፋረድሃል።»

ሴት ስታለቅስ ያልገባሁበት ቃል የለም። «እንደወሰድኩት ነው የምመልስልሽ» አልኳት። እሷ ወጥታ ስትሄድ ጠርሙሱን ታቅፌ ተቀመጥኩና ማሰብ ጀመርኩ። ማር ደረትን ይጠግን ይሆናል፤ ድንኳንን ግን አያሞቅም። የዚህ ሰው ነፍስ በእጄ ነች። ዙሪያዬን አየሁ። ጥግ ላይ አንድ የዘይት በርሜል አለች፣ ትንሿ ዓይነት፣ ከሁለት ዓመት በፊት «አንድ ቀን ትጠቅማለች» ብዬ ያስቀመጥኳት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። እኔ ምድጃ አወጣሁ።

በርሜሏን ተሸክሜ መጋላ ገበያ ወዳለው ወደ አህመድ ሄድኩ። አህመድ የቆርቆሮ ሻንጣ ሠሪ ነው። በሶማሊኛ ያስባል፣ በአማርኛ ይነግዳል፣ መዶሻው አውራ ጣቱን ሲያገኘው ደግሞ በኦሮምኛ ይሳደባል። እሱም ከእኛ ጋር ዘማች ነበርና ጉዳዩ የጋራ ነው።

«አቦ ቲቸር» አለኝ፣ «ይሄ ብርድ የሚሉት፣ ሰው ውስጥ በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በእግር ይመስለኛል።»

«እግሬን እጠቀልላለሁ። ከዚያስ?»

«በጆሮም ይገባል ይላሉ።»

«ጆሮዬንም እጠቀልላለሁ» አለና ትንሽ አሰበ። «ወላሂ፣ ምድጃዋን እንሥራ።»

ሦስት ቀን ሠራናት። በርሜሏን አጋደምናት፣ ከፌሮ አራት እግር አበጀንላት፣ ከፊቷ በር ቆረጥንላት፣ ከላይዋ የጭስ መውጫ ከፈትንላት። ለጭስ ማውጫ የሚሆን ቧንቧ ሲጠፋ የራሴን ቤት የአሸንዳ ቧንቧ ነቅዬ አመጣሁ። ለድሬዳዋ ቤት አሸንዳ ለመላጣ እንደ ማበጠሪያ ነው ብዬ ነበር፤ በኋላ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቤቴ ሲገባ ንግግሬን አርሜአለሁ። ሁሉም ካለቀ በኋላ አህመድ ከሻንጣዎቹ የተረፈ ማጠፊያ አወጣና በሯ ላይ ገጠመ። ከዚያም ዝም ብሎ፣ በልማድ፣ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ ቀለበት ጨመረላት።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ጓጉንቸር መስቀያ።»

«እሳት ማን ይሰርቃል ብለህ ነው?»

«አቦ ተወኝ፣ እኔ ያለ ቁልፍ በር ሠርቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም ሳቅኩበት። ያን ቀለበት አትርሱት።

በጭነት መኪና ወጣን። ደንገጎን ስናልፍ ሹራብ ደረብን፣ ቁልቢን ስናልፍ ማውራት አቆምን። ከመኪናው ስንወርድ አህመድ ካፉ እንፋሎት ሲወጣ አየና እጁን ከፍቶ ያዘው። «ቲቸር፣ ውስጤ እየጨሰ ነው» አለ። አልቀለደም፣ ፈርቶ ነበር። ጋሽ ደምሴ ግን አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ነፋሱ ፀጉሩን ሲያምሰው ዓይኑን ጨፍኗል። «በብርድ ደነዘዘ» ብዬ ሮጬ ሄድኩና ኮፍያውን መልሼ እስከ ቅንድቡ ደፋሁለት። አየኝ። «ተባረክ» አለኝ።

ድንኳናችን ስምንት ሰው የሚይዝ ነበር። መቅደድ አይቻልም፤ ድንኳኑ የሕዝብ ንብረት ነው፣ የሕዝብን ንብረት የቀደደ ደግሞ እሱ ራሱ ይቀደዳል። ደግነቱ ከጀርባው የአየር መስኮት ነበረው። የብረት ሳህን መሐሉን በስተን መስኮቱ ላይ ሰፋነውና ቧንቧውን በዚያ አሳለፍነው፣ ሸራው እንዳይነድ። የመጀመሪያዋን አንድ ሰዓት በጭስ ተላቀስን። ከዚያ ማገዶው ተያያዘ፣ ቧንቧው ጉርርር ብሎ ሳበ፣ በርሜሏ ሆዷ ቀላ፣ ድንኳኑም ቀስ በቀስ ሞቀ። አህመድ የጠቀለለውን ጆሮ ፈታ። ሰዎች ኮት፣ ከዚያ ሹራብ አወለቁ። አንዱ ሽርጡን አገለደመ። ድሬ ገባን በሉት።

ከዚያ የመቀመጫው ነገር መጣ። ምድጃዋ አጠገብ ያለው ስፍራ የማን እንደሆነ አላከራከረንም፤ ምድጃዋ የተሠራችው ለማን ሆነና!

«ጋሽ ደምሴ፣ እዚህ!» አልነው።

«ኧረ ግድ የለም» አለ፣ «እኔ እዚያ በሩ ጋ ይሻለኛል።»

«ኧረ በእግዜር!» አልኩ እኔ።

«ኧረ በአላህ!» አለ አህመድ።

«ምንም አልሆንም፣ እውነቴን ነው፣ በሩ ጋ…»

እውነቴን ነው! በእኛ አገር «አይ፣ ይበቃኛል» ያለ ሰው ሳህን ላይ ሌላ ጭልፋ እንደሚጨመር የማያውቅ አለ? ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት የእንግዳ ወግ ነው፣ አራተኛውን አለመስማት ደግሞ የባለቤት ወግ። አራተኛውን አልሰማነውም። በብብቱ ይዘን አነሳነውና ምድጃዋ ጎን አስቀመጥነው፤ የእትዬ አስካለን ሁለቱንም ብርድ ልብስ ደረብንለት፤ ከላይ ጋቢ ጨመርን። «ተባረኩ» አለ ከውስጥ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁና ሙቀቱ ሰርቶለታል ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ሌሊት ሳለ። በሁለተኛው ሌሊት የባሰ ሳለ። እኔ ምን አልኩ? ሙቀቱ አነሰው አልኩ። ማገዶ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሌሊት ይባስ ብሎ ሳለ፤ ይባስ ብዬ ማገዶ ጨመርኩ። ቀን ቀን ደግሞ፣ ይኼን ልብ በሉ፣ ቀን ቀን አይስልም። እኛ በየዶማችን ላይ ተኮራምተን ስንንቀጠቀጥ እሱ ነፋሱ ፊት ቆሞ ድንጋይ ይደረድራል፤ ያንጎራጉራልም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም «ሌሊት ያሞቅነው ነው ቀን የጠቀመው» ብዬ ለአህመድ አስረድቻለሁ። መምህር ነኝ እኮ።

በዚህ ላይ የዘመቻው አስተባባሪ መጣ። ጓድ አስተባባሪው የሞቀ ድንኳን መኖሩን በማሽተት ነው መሰለኝ ያወቀው፣ በሁለተኛው ቀን ራት ላይ ከች አለ። ምድጃዋን ዞሮ ዞሮ አያትና «ጓዶች፣ ተፈጥሮን መቆጣጠር ማለት ይሄ ነው!» አለ። ከዚያ ወዲያ የማታው ውይይት በእኛ ድንኳን ሆነ። ሠላሳ ሰው ይጠቀጠቃል፣ ሠላሳ ሰው ይተነፍሳል፣ ጓድ አስተባባሪው ጀርባውን ለምድጃዋ ሰጥቶ ይናገራል። ሲሞቀው ንግግሩ ይረዝማል። ጋሽ ደምሴ በመሐሉ፣ እስከ አገጩ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። ሊነሳ ሲል ሠላሳ ሰው «ኧረ አትነሳ፣ ኧረ ተቀመጥ!» ይለዋል።

በስድስተኛው ሌሊት ሳሉ አልቆም አለ። ሲተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ከደረቱ ይወጣ ነበር። እኔ ፈራሁ፤ የምሬን ነው፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ለእትዬ አስካለ ምን እላታለሁ? የማሩን ጠርሙስ አሟጥጬ አጠጣሁት፣ ከዚያ ምድጃዋን ደረቅ የወይራ ግንድ አጎረስኳትና አጠገቡ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው ወሰንኩ። እንዴት እንደጠበቅሁት እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ሙቀትና ድካም ሲገናኙ ሰው ይተኛል።

ዓይኔን ስገልጥ ሊነጋጋ ነው። የጋሽ ደምሴ ስፍራ ባዶ ነው። ፍራሹም የለም፣ ብርድ ልብሱም የለም።

«አህመድ! ጋሽ ደምሴ የለም!»

አህመድ ብድግ አለና የፍራሹን ቦታ አየ። «ኢና ሊላሂ…» ብሎ ሊቀጥል ሲል «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። በሸሚዝ ወጣን። ሜዳው ነጭ ሆኗል፤ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። አህመድ በባዶ እግሩ ረገጠውና ዘለለ። አመዳይ ነው፣ እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት። ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ካለው ጥድ ሥር አንድ ነገር ተጋድሟል። ፍራሽ። በፍራሹ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ አመዳዩ። ከብርድ ልብሱ ሥር ምንም አይንቀሳቀስም።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ አጠገቡ ተንበርክኬ «እንደወሰድኩት እመልሰዋለሁ» ያልኩት ቃል ነበር ጆሮዬ ላይ የሚጮኸው። ጋቢውን ከፊቱ ገለጥኩ።

ያንኮራፋል።

እንደ ሕፃን፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ጉንጩ ቀልቶ ያንኮራፋል። ሳል የለ፣ ሲር ሲር የለ። ነቃና ሁለታችንንም በሸሚዝ አየን። «ምነው እናንተ፣ ልብስ አትለብሱም? ይሄ እኮ ብርድ ነው» አለን።

ተቀመጥኩ፤ አመዳዩ ላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ግን አልተሰማኝም። «ጋሽ ደምሴ፣ ምን ሆነህ ነው? ልትገድለኝ ነው?» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ቀና ብሎ ጥዱን አየ። ከዚያ «አትቀየሙኝ» አለ። «ወጣትነቴን በሙሉ እሳት ፊት ቆሜ ነው የጨረስኩት። ከእሳቱ ስወርድ ድሬ። አርባ ዓመት ሙሉ ላቤን ስጠርግ ኖርኩ። ብርድ አገር ተወልጄ የብርድ መልኩ ጠፋብኝ። ቀበሌው ጋራ ሲል፣ ሳልሞት አንዴ ልብረድ ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት። እንደ ልጅነቴ ጥርሴ ተንቀጫቅጮ፣ አፍንጫዬ ቀዝቅዞ ልተኛ ብዬ። ትናንት ሌሊት ሙቀቱ ሲያፍነኝ፣ በድሬ ልማድ ፍራሼን ይዤ ወጣሁ።»

«ታዲያ ስንት ቀን ሙሉ ለምን አልተናገርክም?»

«እንዴት ብዬ?» አለ፣ እውነትም የማይመለስ ጥያቄ ሆኖበት። «ለኔ ብላችሁ በርሜል ተሸክማችሁ መጥታችሁ! የቤትህን አሸንዳ ነቅለህ! ሰው እንዴት ብሎ ‹አልፈልግም› ይላል?»

አፈርኩ። ተናደድኩም። ደስ አለኝም። ሦስቱም ባንዴ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለማላውቅ አስነጠስኩ።

እዚያው ተስማማን። የቀሩትን ሌሊቶች እሱ ጥዱ ሥር ይተኛል፣ እኛ ምድጃዋ ጋ። ለጓድ አስተባባሪው «ጋሽ ደምሴ የዘብ ተራ ወስዷል» አልን፤ በምሳሌነት ተጠቀሰ። አንድ ነገር ግን አስማለን፤ ከእትዬ አስካለ ጆሮ እንዳይደርስ። «አመዳይ ላይ መተኛቴን ከሰማች እኔን በቁሜ ትቀብረኛለች፣ አንተን ደግሞ ከኔ በፊት» አለኝ። ማልሁ።

በአሥረኛው ቀን ተመለስን። መኪናው ቀበሌው በር ላይ ሲቆም እትዬ አስካለ ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ነበረች። ጋሽ ደምሴ ከመኪናው ላይ ራሱ ወረደ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ትከሻው ቀንቶ። እኔን አህመድ ደግፎ አወረደኝ፤ ከዚያች ጠዋት ጀምሮ ይዞኝ የቀረ ጉንፋን ደረቴ ላይ ወርዶ እንደ አሮጌ ባቡር እጮህ ነበር። እትዬ አስካለ ባሏን ደረቱ ላይ ጆሮዋን አሳርፋ አዳመጠች። ደግማ አዳመጠች። ከዚያ መጥታ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ።

«አይስልም እኮ! ምን አድርገህ ነው ቲቸር?»

እኔ ሳል ይዞኝ መመለስ አልቻልኩም። ጋሽ ደምሴ መለሰልኝ። «ምድጃዋ ናት! ያቺ ምድጃ ባትኖር ዛሬ የኔን ሬሳ ነበር የምትቀበዪው። እንዴት ያለች ምድጃ መሰለችሽ!» ይሉኝታ የያዘው ሰው መዋሸት ሲጀምር ልኩን አያውቅም። እሷ ሰማች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ዞር ብላ መኪናው ላይ ያለችውን በርሜል አየቻት።

«እንግዲያ ከዛሬ ጀምሮ እኛ ቤት ነው የምትኖረው» አለች።

ጋሽ ደምሴ እኔን አየኝ። እኔ አህመድን አየሁት። አህመድ ሰማይ ሰማይ አየ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ምድጃዋን እኔና አህመድ ራሳችን ተሸክመን ወስደን መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ አልጋው እግርጌ ተከልናት። የኔ አሸንዳ በጋሽ ደምሴ ጣሪያ ላይ ወጣ። አስቡት፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ድሬዳዋ፣ የወይራ ግንድ።

ሦስት ሌሊት ነደደች። በአራተኛው ቀን ጋሽ ደምሴ ቤቴ መጣ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ እየሳለ። አልተቀመጠም። ከኪሱ አንድ ትንሽ ቁልፍ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

«ከአህመድ ጓጉንቸር ገዛሁ። በሯን ቆልፌአታለሁ። ቁልፉ ጠፋ ብያለሁ» አለኝ። «ቤት ካስቀመጥኩት ታገኘዋለች። አንተ ጋ ይሁን። አደራ፣ ለማንም።»

ያኔ ነው የአህመድ ጥበብ የገባኝ። ቁልፉን ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሩ ተንኳኳ፤ እትዬ አስካለ።

«ቲቸር፣ ሰውዬው የምድጃዋን ቁልፍ ጣለው። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ና ክፈትልኝ።»

ኪሴን በእጄ ሸፈን አደረግሁት። «ይሄ… ይሄ የአህመድ ጓጉንቸር እትዬ፣ አስቸጋሪ ነው። ቶሎ የሚከፈት አይመስለኝም» አልኩ።

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሰው አለመኖሩን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እንግዲያ… ባይከፈትስ ምን ይለዋል» አለች። «ብቻችንን ነን ብዬ ልንገርህ። እኔ ለሱ ደረት ብዬ ነው እንጂ፣ ሦስቱን ሌሊት ላብ ሲያጥበኝ ነው ያደርኩት፣ ልቤ ልትቆም ነበር። ግን እንዴት ብዬ አውጡልኝ እላለሁ? ሰውዬው በሷ ዳነ። በስተርጅናው አንድ ነገር ወደደ።» ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ቀስ ብለህ ሞክረው እንጂ ቶሎ አትክፈተው። እሱ እንዳይሰማ ደግሞ አደራህን።»

ሄደች። በዚያው ምሽት ገና ታኅሣሥ ሳይወጣ ሁለት አልጋ ከቤት ወጥቶ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተዘረጋ፤ እኔ በአጥር አሻግሬ አየሁ። እሷ «ቁልፉ እስኪገኝ ነው» አለችኝ። እሱም «አዎ፣ እስኪገኝ» አለ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ። ቁልፉ አሁንም እኔ ጋ ነው።